ጣትሽን አጥበሽ ነይ

የፋናዬ ስልክ የሳሙና ውሃ ውስጥ የገባው ሰኞ ጧት ነው። ፋናዬና በላይነሽ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለ ግቢ ልብስ ያጥባሉ፤ የሆቴል አንሶላ፣ የቢሮ ሸሚዝ፣ በኅዳር ደግሞ ሰሊጥ አጭደው የሚመለሱ የመተማና የጎንደር ልጆች ልብስ። ፋናዬ ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ነበር። አንሶላ ልትጨምቅ ጎንበስ ስትል ሾልኮ ወረደ። ሲያወጡት አልበራ አለ።

መጀመሪያ ብዙም አልደነገጠችም። ሲም ካርዱ ደህና ነበር፤ እጇ ላይ በነበረችው ጥሬ ገንዘብ አሮጌ ስልክ ገዛች። የደነገጠችው ማክሰኞ የባንኩን መተግበሪያ ከፍታ "ይህ ስልክ አይታወቅም" ሲላት ነው።

"አዲስ ስለሆነ ነው እትዬ" አለች በላይነሽ። እሷ እዚያው ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ዐረብኛ ማንበብ የምትችል የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። "ኮድ ይልኩልናል። ኮዱን ስናስገባ ይከፈታል።"

ገንዘቡ ለሐሙስ ያስፈልጋል። የግቢው ባለቤት ሐጅ ኢድሪስ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ሰው ከተማውን ሞልቶት፣ ማድቤት ሳይቀር በእጥፍ እየተከራየ ነው። "ፋናዬ" ብሏታል፣ "አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። አንቺን ላስቀድም ብዬ ነው። የስድስት ወሩን ኪራይ ባንድ ላይ ሐሙስ እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ካስገባሽልኝ ግቢው ያንቺው ነው። ካለፈ ግን ልጆቼም አይሰሙኝም።" ፋናዬም ያለ ጭንቀት እሺ ብላው ነበር። ብሩ አላት። የወረቀት ገንዘብ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ የሚከፍላት በስልክ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀለብ የተረፋት እዚያው ባንክ ተቀምጧል።

ኮዱ አልመጣም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። በላይነሽ ስታስገባው "ጊዜው አልፏል" አለ፤ የኮዱ ዕድሜ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ወደ እህል ጎተራዎቹ መንገድ ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ይሻላል ስለተባለ ልብሱን እንደ ተዘፈዘፈ ትተው ስልኩን ወደ ላይ ይዘው ሄዱ። እዚያም ሁለተኛው ኮድ ዘግይቶ ደረሰ። ሦስተኛው ከነጭራሹ ቀረ። ከዚያ ስክሪኑ ቀላና ሂሳቡ ለደኅንነት ሲባል መቆለፉን ነገራቸው።

"ለማን ደኅንነት?" አለች ፋናዬ።

"ላንቺ ነው የሚለው።"

መክፈቻው ፊትን ማሳየት ነበር። ጎተራው ጥላ ሥር ቆመው በላይነሽ እያነበበች፣ ፋናዬ እየታዘዘች ሞከሩ። ራስሽን ወደ ቀኝ አዙሪ። ወደ ግራ። ዐይንሽን ጨፍነሽ ግለጪ። ፈገግ በይ።

"ፈገግ?"

"እንዲህ ነው የሚለው እትዬ።"

"ገንዘቤን ይዞ ፈገግ በይልኝ ይላል?" አለች፤ ቢሆንም ጥርሷን አሳየችው። "ፊቱ አልተመሳሰለም" አለ። ባንኩ ያለው ፎቶ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳችው ነው፤ አምና ወባ ጥሏት ጉንጯ ጎድጉዷል። ነጠላዋን አውልቃ ሞከረች፤ እንደ ገና ለበሰች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸው ጀመር። አምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስልክ እያየች ዐይኗን ስታርገበግብ ሀፍረቱ ላብ በላብ አደረጋት።

ረቡዕ የባንክ ካርዷን ይዛ ወደ ሐጅ ኢድሪስ ልጅ ሱቅ ሄደች። ስኳርና ዱቄት የሚሸጥበት ሱቁ ውስጥ የካርድ ማሽን አለው። ኪራዩን በዚያ ሊቀበላት ተስማማ። ካርዱን ሰካው፤ ማሽኑ ጮኸ። በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ ሰካው፤ ጮኸ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ዱቄት ልትገዛ የቆመች ሴት ፋናዬን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ያ አስተያየት ከሁሉ በላይ አቃጠላት። የሰው ካርድ ይዛ የመጣች ሌባ መስላ ታየች።

"ከተቆለፈው ሂሳብ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው ኻልቲ" አለ ልጁ፣ እንደ አክስት እየጠራት። "ባንክ ሂጂ።"

ሄደች። ኔትወርክ የለም ተብሎ በሩ ተዘግቶ አገኘችው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ የደረሱት ፋናዬና በላይነሽ ብቻ አልነበሩም። ከሾዋክ በሌሊት አውቶቡስ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዶካ የመጣ እህል ጫኝ፣ ከካርቱም የተፈናቀለች ፋርማሲስት ነኝ ያለች ሴት ነበሩ። ሴትዮዋ ሂሳቧ ከተቆለፈ አራት ወሯ ነው። ፓስፖርቷ ከቤቷ ጋር ተቃጥሏል፤ ባንኩ ግን ፓስፖርቷን ይዛ እንድትመጣ ይነግራታል።

ፋናዬ ተራዋ ሲደርስ የስደተኛ መታወቂያዋን በመስኮቱ አቀበለች። ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ጥፍሯን ሒና ተቀብታለች። አንድ ትንሽ ጥቁር ዕቃ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

"አውራ ጣትሽን አድርጊ።"

አደረገች። ዕቃው ቀይ መብራት አበራ።

"በደንብ ጫኚው። ሌላኛውን። አመልካቹን።" ዐሥሩም ጣቶች ተራ በተራ ቀይ በራባቸው። ሠራተኛዋ ቀና ሳትል "ጣትሽ ቆሽሿል ኻልቲ። ጣትሽን አጥበሽ ነይ" አለቻት።

ፋናዬ እጇን ከመስኮቱ አውጥታ መዳፏን ወደ ልጅቱ ገለበጠችው። ጣቶቿ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነበሩ።

"ሠላሳ ዓመት አጠብኩት" አለች። "በሳሙና አጠብኩት፣ በበረኪና አጠብኩት። ስላጠብኩት ነው ያለቀው! ከዚህ በላይ በምን ልጠበው?"

ልጅቱ ቀና አለች። "እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ካልተቀበለ አልችልም።"

"ሂሳቡን ስከፍት ተቀብሎ አልነበረም?"

"ያኔ አሻራ አይጠየቅም ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ያልሰጠሁትን አሻራ ማሽኑ ዛሬ ከየት ያመጣል?"

ልጅቱ "የሚቀጥለው" ብላ ተጣራች። ፋናዬ ከመስኮቱ ፈቀቅ አላለችም። "መዲሩን ጥሪልኝ" አለች፤ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ኡስታዝ ያሕያ ከቢሮው ወጣ። ጎልማሳ፣ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲያያት ፊቱ ፈካ አለ። "ፋናዬ! ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

"ታውቀኛለህ?"

"እንዴት አላውቅሽም?"

"የለበስከውን ሸሚዝ ማን አጠበው?"

ያሕያ ፈገግ ሊል አለና ተወው። "አንቺ ነሽ።"

"የልጅህን የሠርግ ቶብ የተኮሰው ማነው? ስምንት ዓመት ቤትህ ስገባ ስወጣ ማን እያልክ ነው የምትጠራኝ?"

"ፋናዬ፣ እኔ አውቅሻለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የማያውቅሽ ማሽኑ ነው። መኣሊሽ፣ ይቅርታ፣ የኔ ማወቅ እዚህ አይሠራም። ለናንተው ደኅንነት ሲባል ነው። ሌባ በዝቷል።"

"ሌባ!" አለች ፋናዬ። "ሌባ ቢሆን የኔን ብር ሊወስድ ይመጣል። እስካሁን የወሰደብኝ ሌባ የለም። ብሬን የከለከለኝ ያንተ ባንክ ነው።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። "ወገኖቼ፣ እኔን የሚያውቅ አለ?"

መጀመሪያ የተነሳው ላቀው ነው፤ የሰሊጥ ደላላ፣ እሷ እንደ መጣች ሰሞን ከአርማጭሆ የመጣ የአገሯ ልጅ። "ፋናዬ ናት" አለ በዐረብኛ። "ከሰባ ሰባቱ ረኀብ ጀምሮ አውቃታለሁ።" "ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችው አጣቢ ናት" አለ የዶካው ጫኝ። ከሾዋክ የመጡት ሽማግሌዎች እሷን ባያውቋትም "አላህ ያውቃታል" ብለው ቆሙ። ፋርማሲስቷ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ "እኔንም አላወቁኝም፤ እኔም ፋናዬ ነኝ" አለች። አንዳንዱ ሳቀ። ፋናዬ አልሳቀችም።

ያሕያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ወደ ሠራተኛዋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ልጅቱ የታችኛውን መሳቢያ ስባ አቧራ የጠጣ የወረቀት ክምር አወጣች። አሻራው ለማያነብለት ደንበኛ የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ሂሳብ ያላቸው ሁለት ሰዎች ማንነቱን መስክረው ይፈርሙበታል፤ ሂሳቡ በዚያው ቀን ይከፈታል።

ፋናዬ ቅጹን ስታይ ደስ ሊላት ሲገባ የባሰ ደሟ ፈላ። "ይሄ ነበረ?" አለች። "እዚህ መሳቢያ ውስጥ ነበረ? ታዲያ ጣትሽን ታጠቢ ያላችሁኝ ለምንድን ነው?"

"ቅጽ መሙላት ጊዜ ይወስዳል" አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። "ሰልፉ ረዥም ነው።"

ላቀው ፈረመ። ፋርማሲስቷ ልፈርም ብላ እጇን ብታነሳ የሷ ሂሳብ ራሱ የተቆለፈ ነው። ዙህር ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ፋናዬ እስክሪብቶውን ወስዳ ለያሕያ ዘረጋችለት።

"አንተ እዚህ ባንክ ሂሳብ አለህ አይደል?"

ያሕያ እስክሪብቶውን ብዙ አየው። "የባንኩ ሰው ለደንበኛ ዋስ ሲሆን..." ብሎ ጀመረ።

"ይከለክላል የሚል ተጽፏል?"

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አልተጻፈም። ጎንበስ ብሎ ፈረመ፤ ሲፈርም ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሂሳቡ ተከፍቶ ገንዘቡ ሐጅ ኢድሪስ ሂሳብ ውስጥ ሲገባ ሙአዚኑ አዛን ብሎ፣ ሶላቱም አልቆ፣ ሰዉ ከመስጊድ እየወጣ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በሩጫ ግቢው ሲደርሱ አንድ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆሞ ፍራሽ ይወርዳል። ሐጅ ኢድሪስ ከጥላው ተነስቶ መጣ። ግማሽ ሰዓት ጠብቋት፣ ልጆቹ ጨቅጭቀውት፣ የፊቱን ክፍል ለአንድ ቤተሰብ ሰጥቷል። ጓሮውንና የውሃ ጉድጓዱን ለሷ አስቀርቶላታል፤ ካስገባችው ኪራይም የክፍሉን ድርሻ ይመልስላታል።

የፊቱ ክፍል ወደ መንገድ የሚከፈት ነው። ደንበኛ ልብሱን የሚያስረክበው እዚያ ነበር። ፋናዬ ፍራሹን የሚያወርዱትን ሰዎች አየቻቸው፤ ሕፃን ያዘለች ሴት አፍራ ዐይኗን ሰበረች። በነሱ ልትናደድ አልቻለችም።

"ሐጅ፣ ካላስቸገረህ ሰው በጓሮ በኩል እንዲገባ አጥሩን እንክፈተው" አለች። እሺ አላት። ወደ ጓሮ ገብታ ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘፍዝፎ የሸተተውን ልብስ ስታይ ግን እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። የሦስት ቀን ሥራ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት በር፣ መሳቢያ ውስጥ በነበረ ወረቀት።

ቅዳሜ መብራህቱ መጣ። ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ መምህር ነው፤ ገዳሪፍ ሲመጣ ሁልጊዜ ልብሱን እሷ ዘንድ ያሳጥባል። ታሪኩን ስትነግረው ደብተሩን አወጣና በጥሩ ዐረብኛ የአቤቱታ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፈላት። የደረሰባትን ሁሉ፣ የፋርማሲስቷንም ጭምር። መጨረሻው ላይ፣ ቅጹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ሰው መብቱን ይወቅ፣ የሚል ጥያቄ አስገባችበት።

እሑድ እዚያው የባንኩ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ያቺው ልጅ ናት የነበረችው። ደብዳቤውን አንብባ መልሳ ገፋችላት።

"አቤቱታ በወረቀት አንቀበልም ኻልቲ። በመተግበሪያው ነው።"

"በመተግበሪያው" አለች ፋናዬ።

"አዎ። ገብተሽ፣ ኮዱን ተቀብለሽ..."

ፋናዬ ከአዳራሹ ወንበር አንዱን ጎትታ መስኮቱ ፊት ለፊት አኖረችና ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ሰልፉ በግራና በቀኝ እየዞራት አለፈ። ጥበቃው መጥቶ አናገራት፤ "ማኅተም ሲመታበት እሄዳለሁ" አለችው፤ ደግመው ቢጠይቋትም ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ያሕያ አንዴ ከቢሮው ብቅ ብሎ አየና ተመለሰ።

ልጅቱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ማኅተሙን አነሳች። ሁለቱም ቅጂ ላይ መታችና ቀኑን ጻፈችበት። ፋናዬ የራሷን ቅጂ አራት ቦታ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ወጣች። መልስ እስካሁን አልመጣላትም። ሰኞ ሰኞ የቢሮ ሸሚዝ ልታደርስ ወደዚያ ስታልፍ ትገባለች፤ መስኮቱ ጋ ቆማ "የኔ ደብዳቤ የት ደረሰ?" ብላ ትጠይቃለች።