እንደራሴው በአውጫጭኝ የተያዙ ዕለት

የአንኮበር መድኃኔ ዓለም ይታዘበኝ፤ ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ብጨምርበት ጥርሴ እንደ በሰለ ገብስ ይርገፍ። እስከ ዛሬ የረገፉት ሁለቱ በሌላ ምክንያት ነው።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት «እንደራሴ ምረጡ» በተባለ ጊዜ እኛ አንኮበሮች አቶ ዘርአ ዳዊትን መርጠን ወደ አዲስ አበባ ሰደድናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። ፓርላማ ገብተው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአንኮበር ሕክምና ቤት። ሌሎቹ ስለ ግብር ሲከራከሩ እሳቸው ተነሥተው «ሕክምና ቤት» ይላሉ አሉ። ስለ ድንበር ሲነሣም «ሕክምና ቤት»። በመጨረሻ ዝም ይበሉልን ብለው ቆርቆሮ ሰጧቸው።

ድንጋዩንና እንጨቱን እኛ በደቦ አወጣን። ቆርቆሮውን ከደብረ ብርሃን ያመጣው በሽር የሚባል የቆላ ሰው፣ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በበቅሎዎቹ ጭኖ። ጎረቤላ ሊደርስ ሲል ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋስ ተነሣ። አንዲቱ በቅሎ ቆርቆሮው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተዘርግቶላት ነበርና ብድግ ብላ በረረች። ገደሉን ተሻግራ ከሰው የባቄላ ማሳ ላይ ዐረፈች። ባለማሳው «ከሰማይ የወረደልኝን አልመልስም» ብሎ ስንት ሽማግሌ ተልኮበት ነው የለቀቃት። በሽርን ጠይቁት፤ ዛሬም ስሟ ሲነሣ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል።

ብቻ ጣራው ተመታ፣ ቤቱ ቆመ። የቀረው ድሬሰር ነው፤ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ የመንግሥት ሰው። ድሬሰሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው አሉ፤ ወይ ለእኛ፣ ወይ ለአረርቲ። የሚቆርጠው ከአዲስ አበባ የሚመጣ መርማሪ ነው። በዚህ ነገር ከሁላችን ይልቅ የሚጨነቁት እትዬ ደመቀች ነበሩ። እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ወጥቶ ለመርፌ ደብረ ብርሃን ድረስ በሰው በቅሎ ይመላለሳሉ። «እኔ ሳልድን በቅሎዋ አለቀች» ይሉ ነበር።

መርማሪው ሊመጣ ሲል አቶ ዘርአ ዳዊት ለጭቃ ሹማችን ለወልደአረጋይ «ሕዝቡን ሰብስብልኝ፤ ስለ ሠራሁት ሥራ እነግረዋለሁ፣ እንግዳውም ይጠይቀዋል» ብለው ላኩበት። ወልደአረጋይ ግን በዕድሜው ሕዝብ የሰበሰበው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአውጫጭኝ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲቃጠል አገሩ ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። እያንዳንዱ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። የሚያውቅ ሰው ካለ ተደብቆ ለሽማግሌዎች በጆሮ ይነግራል። ያ ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ወፍ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።

እናም ወልደአረጋይ ገበያ መሐል ቆሞ እንደ ልማዱ ለፈፈ። «ያልሰማህ ስማ። ሰው ሁሉ ከአዲሱ ሕክምና ቤት ደጅ ይውጣ። የቀረ ይቀጣል።»

የማይወጣ ማን አለ? ከቄስ እስከ አራስ ወጣን። በሽር እንኳ፣ ለገበያ የመጣው መንገደኛ፣ ከነበቅሎዎቹ ተይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። ብቻ የቆላ ሰው ነው የሚፈለገው ሲሉ ሰማሁ።»

«አንተ ሸረኛ፣ አላህ ይይልህ።»

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ወፍ ሊጠብቁ ከቤቱ ጓሮ ተቀመጡ። መርማሪው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን እሳት የፈጀው ድመት ነው። አንድ የሌላ አገር እንደራሴ የቤተ ክርስቲያን ጣራ አሳይቶ «ያሠራሁት ሕክምና ቤት ይኸውልህ» ብሎ አታሎት ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ ከሕዝቡ አፍ ካልሰማ አያምንም።

«በአቶ ዘርአ ዳዊት ልመና ለዚህ አገር ቆርቆሮ ወጥቶ ነበር» አለ። «ያ ቆርቆሮ የት ደረሰ? ያየ አለ?»

ለካ የጠፋው ቆርቆሮ ነው። በአንድ ጊዜ ያ ሁሉ ሰው አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ሞኞች መሰልናችሁ? ቀና ብሎ ጣራውን ያየ እማኝ ይሆናል፤ እማኝ የሆነ ሰው ደግሞ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ሲመላለስ ማሳው ዳዋ ይለብሳል።

ጭቃ ሹሙ መጀመሪያ ያስነሣው ጣራውን በገዛ እጁ የመታውን አናጢ፣ ኃይለ ገብርኤልን ነው።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ ኃይለ ገብርኤል።

«መታጠቂያህ ላይ ያለው መዶሻ ነው?» አለ መርማሪው።

«የአባቴ ነው። ለመታሰቢያ ነው የምይዘው።»

ቀጥሎ በሽር ተነሣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ወላሂ ቆርቆሮ የሚባል ነገር አላውቅም። እኛ ቆላ ቤታችን ሣር ነው።»

«በቅሎህስ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ዝም በል። እሷ አትናገርም።»

አቶ ዘርአ ዳዊት ፊታቸው አመድ መሰለ። ጭቃ ሹሙን እጁን ይዘው ገለል አደረጉት።

«ወልደአረጋይ፣ ይኸ አውጫጭኝ አይደለም እኮ። ሥራዬን ልነግራቸው ነው የጠራኋቸው።»

«እሱስ ይሁን ጌታዬ። ግን ሕዝብ ወጥቶ ሰው ሳይያዝ ተበትኖ አያውቅም።»

«ጣራው ያውና፤ ቀና በሉ ብለህ ንገራቸው።»

«እኔስ ብሆን ቀና ብዬ ምን አባቴ ልሁን? ልጆች አሉኝ።»

ይህን ሲባባሉ የበልግ ሰማይ ጠቆረና በረዶ ወረደ። የአንኮበርን በረዶ የማያውቅ አያምነኝም፤ አንዱ ፍሬ የወፍጮ መጅ ያህላል። መርማሪው ሮጦ ሕክምና ቤቱ ገባ፤ እኛም ተከትለነው ገባን፤ ቦታ ያልበቃው ከክፈፉ ሥር ተጠጋ። በረዶው ከራሳችን በላይ እንደ መቶ ከበሮ ይደበድባል። መርማሪው ጆሮውን ይዞ ወደ አንድ ሽማግሌ ተጠጋ።

«ይኸ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው ጌታው።»

«የሚወርደው ምን ላይ ነው?»

«አንኮበር ላይ።»

እዚያው ጣራ ሥር፣ ጠብታ ሳይነካን፣ ተራ በተራ ቆርቆሮ አላየንም ብለን ማልን። እኔም ማልኩ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮ የሚያስተምሩት አምስተኛ ላይ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በረዶው ሲያባራ መርማሪው ባርኔጣውን አደረገ።

«አቶ ዘርአ ዳዊት፣ አዝናለሁ። የአረርቲ ሰዎች ቢያንስ ቤታቸውን አይተውታል። ድሬሰሩ ወደዚያው ይሄዳል።»

ያን ሁሉ ጊዜ ፓርላማ ውስጥ አንድ ቃል ሲደጋግሙ የኖሩ ሰው ያቺም ቃል ጠፋቻቸው። በሩ ላይ ተደግፈው ቀሩ። መርማሪው በቅሎው እንድትጫን አዘዘ።

ይኼን ጊዜ ነው ወፍ የተነሣችው። ወፍ ማን እንደሆነች አይነገርም፤ እኔም አልናገርም። ያየሁትን ያህል ግን ልበል፤ በግራ እግሯ እያነከሰች፣ ምርኩዝ ይዛ፣ እያቃሰተች ወደ ጓሮ ዞረች። እትዬ ደመቀችም የዚያን ጊዜ በአጋጣሚ ቦታቸው ላይ አልነበሩም።

ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው መጡ። ታላቁ ሽማግሌ፣ አለቃ ገብረ ጻድቅ፣ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ጥፋተኛው ተገኝቷል» አሉ። «ወፍ ነግራናለች። ቆርቆሮውን ከመንግሥት ቤት ለምኖ ያወጣው አቶ ዘርአ ዳዊት ነው። በበሽር በቅሎ አስጭኗል። ኃይለ ገብርኤልን አባብሎ አስመትቷል። የደበቁትም እዚሁ፣ ከራሳችን በላይ ነው።»

ያን ጊዜ ሕዝቡ በሙሉ ባንድነት ቀና አለ።

«ይኸውና» አለ አንዱ።

«ይኸ ሁሉ ቆርቆሮ እዚህ ኖሯል?» አለ ሌላው።

ጥፋተኛ ከተገኘ ወዲያ እማኝ መሆን አያስፈራም። ኃይለ ገብርኤል እያንዳንዱን ሚስማር የት እንደመታ ማሳየት ጀመረ። በሽር የበረረችውን በቅሎ ጎትቶ አመጣ፤ እኔው ነኝ የጫንኩት እያለ የመርማሪውን እጅጌ ይዞ አልለቅም አለ።

«ግን ማን ነው የነገራችሁ?» አለ መርማሪው።

«ወፍ።»

«የምን ወፍ?»

«ጌታው፣ ተምረዋል ብለን ነበር። ወፍ አይጠየቅም» አሉት አለቃ።

መርማሪው እንደራሴውን አየ፣ ጣራውን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሣቀ። በሥራው ዘመን ይህን ያህል የተመሰከረለት ሰው አላጋጠመኝም አለ። ነገሩ ግን ገና አላለቀም፤ የተያዘ ሰው ያለ ዋስ አይለቀቅም። ወልደአረጋይ የእንደራሴውን ኩታ ጫፍ ይዞ «ዋስ ይጥሩ፣ ጌታዬ» አላቸው። ማንም አልተነሣም። በሽር እንኳ «ተባባሪ ዋስ አይሆንም» ብሎ ሸሸ።

«እኔ ዋስ ነኝ» አለ መርማሪው። «ድሬሰሩን እልካለሁ። እስኪመጣ ድረስ የምትጠይቁት እኔን ነው።»

ወልደአረጋይ ኩታውን ለቀቀ። እትዬ ደመቀች ቦታቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ነበር። ምንም እንዳላየ ሰው እግራቸውን ዘርግተው ያሻሉ።

በወሩ ድሬሰሩ መጣ፤ ከሁሉ በፊት የእትዬ ደመቀችን እግር አጠበ። በሚቀጥለውም ምርጫ አቶ ዘርአ ዳዊትን መልሰን መረጥናቸው፤ የተያዘ ሰው ከዓይን መራቅ የለበትም ብለን።

መድኃኔ ዓለምን ስለጠራሁ እውነቱን ልናገርና ልረፍ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በወሩ» ያልኩት። ድሬሰሩ የመጣው በዓመቱ ነው። ዋሱም እስከዚያ ድረስ በአንኮበር በኩል አላለፈም።