ንግሥቴ ወፍ ያባረረች ዕለት

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ። እግራችሁን ዘርጋ አድርጉ። የምነግራችሁ ረጅም አይደለም፤ ግን ይከብዳል።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ በሠራበት ዘመን የኛ ደብር ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነበር፤ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ሾላው ሲበስል ሶሪት ትመጣለች፤ ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ፣ ድምፅዋ ግን ሻካራ። ፍሬውን በልታ ወደ ሌላው ደብር ትበርና ዘሩን እዚያ ትጥላለች። ከዛፉ ሥር የወደቀውማ ጥላ ገድሎት ይቀራል። ስለዚህ አባቶቻችን ወፎቹን የደብሩ ገበሬዎች ይሏቸው ነበር። በቅጥሩ ውስጥ ድንጋይ ያነሳባቸው ሰው ንስሐ ይገባል።

የእናቴ ጎረቤት ንግሥቴ አንድ ልጅ ነበራት፣ ክንዱ የሚባል አርበኛ። ጭኑን ተመትቶ መጣና፣ ቁስሉ እስኪጠግግ ብላ ከሾላው ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሸገችው። ታዲያ ሶሪት ሰው ካየች ዝም አትልም፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ትጮኻለች። ንግሥቴ ጨነቃት። «ይቺ ወፍ ልጄን ታስበላብኛለች» አለችና፣ የዳጉሳ ማሳዋን የምትጠብቅበትን ወንጭፍ አምጥታ ታባርራቸው ጀመር።

ባንዳው ቢሰጥ ከጣልያን ወታደሮች ጋር በዚያ ሲያልፍ አያት። የዚያው ደብር ልጅ ነው፤ ክርስትና የተነሳውም እዚያው።

«እሜቴ ንግሥቴ! ወፍ ጥበቃው ከማሳ ወደ ደብር ተዛወረ እንዴ?»

«ጩኸታቸው ራሴን አዞረኝ፣ ልጄ።»

«ውይ! በልጅነታችን አንዲት ጠጠር ብንወረውር ለአባ ገብረሰንበት ነግረው የሚያስገርፉን እርስዎ አልነበሩም?»

ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠና ወደ ቁጥቋጦው አየ።

«ቢሰጥ፣ በማርያም! አብራችሁ ነው ያደጋችሁ…»

«ዘወር ይበሉ፣ እሜቴ።»

ክንዱን ከቅጥሩ ጎትተው አውጥተው እርሻው ዳር ላይ፣ ዓይኗ እያየ ገደሉት። ሌላም ሰው ይኖርበታል ብለው ቁጥቋጦውን እሳት ለቀቁበት። ሾላው ተለበለበ፤ ወፎቹም በዚያ ዓመት ድርሽ አላሉም።

ሰው ደግሞ ጨካኝ ነው። «ልጇን በወንጭፍ ያስገደለች» ይሏት ጀመር። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። እንስራዋን የምታሸክማት እናቴ ብቻ ነበረች። ንግሥቴ ከዚያ ወዲያ ብዙም አልቆየች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስሟን ሲያነሱ ከሰማችሁ፣ ልታተርፈው ብላ እንደነበር አስታውሱልኝ።