የእመት ሊንክ ምርጥ መሣሪያዎች

በሙዚቃ ሰው የምታክመዋን ሴት ታናሽ እህቷ «እመት ሊንክ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ስሙ በግፍ የወጣ አይደለም። ራሴን አመመኝ ላላት ሊንክ ትልካለች፤ ደህና አደርሽ ላላትም ሊንክ ትልካለች። አንድ ቀን እህቷ መርፌ ጠፋብኝ ብትላት የጠፋ ዕቃ የሚያፈላልግ አፕ ላከችላት። መርፌው እመት ሊንክ የተቀመጠችበት ትራስ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ያገኘችውም በአፑ አይደለም።

ራስ ሳይጠና ጉተና እንዲሉ፣ አንድ ታካሚ ሳይኖራት ሎጎ ነበራት። ትምህርቷን ጨርሳ በጊታሯ ሰው እያከመች የራሷን አነስተኛ ሥራ ልትጀምር ስትነሣ፣ ኢንተርኔት ላይ ያላነበበችው ምክር አልነበረም፤ ያነበበችውንም ሁሉ አመነች። ቀጠሮ የሚይዝ አፕ አወረደች፣ ቀጠሮውን የሚያስታውስ ሌላ አፕ አወረደች፣ የዌብሳይት ቀለም የሚመርጥ አወረደች፣ በመጨረሻም የሁሉንም ፓስዎርድ የሚይዝላት አፕ አወረደች። የዚህን የመጨረሻውን ፓስዎርድ ረሳችው። የቀጠሮውን አፕ ልሞክረው ብላ ራሷን ለራሷ ቀጠሮ አስያዘች፤ ረስታውም ቀረች። «ስለቀሩብን አዝነናል፤ ለመሆኑ ደህና ነዎት?» የሚል መልእክት ደረሳት። በዚያ ሳምንት ደህንነቷን የጠየቃት እሱ ብቻ ስለነበር ትንሽ ደስ አላት።

የሁለቱ እህትማማቾች ቤት ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ታናሺቱ ልብስ ትሰፋለች፣ በሌላኛው ታላቂቱ ታክማለች። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ለስሙ ያህል የቆመ ነው፤ የስፌት መኪናው ሲነሣ የእመት ሊንክ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ አቁሚ»፣ «አይ አንቺ አቁሚ» ሲባባሉ ከርመው፣ መፍትሔው እንደ ልማዱ በሊንክ መጣ። «ጸጥታ» የሚባል አፕ ነው። በቪዲዮ ስታወሪ የሰው ድምፅ ብቻ ያሳልፋል፤ ሌላውን ጫጫታ ጠርጎ ያስቀረዋል። እህቷ መኪናውን እያስጮኸች እሷ ለጓደኛዋ ደወለችና «ምን ይሰማሻል?» አለቻት። «አንቺ ብቻ» አለቻት ጓደኛዋ። እመት ሊንክ እህቷን ከነመቀሷ አቀፈቻት።

በዚሁ ሰሞን ነው የመጀመሪያው እውነተኛ ታካሚ የመጣው። በሌላ ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ስትሮክ መታቸውና አፋቸው ተያዘ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፤ ቃል ግን የላቸውም። ሚስታቸው ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በስክሪኑ ላይ አገጫቸው ብቻ እየታየ፣ የመጡበትን ጉዳይ በአጭሩ ነገሯት።

«አንድ ቃል ብቻ ያውጣልኝ ልጄ። የፈለገው ይሁን። ከፈለገም ይስደበኝ።»

ይህ ልመና ከእመት ሊንክ ልብ አልወጣ አለ። ጥርሷን ስትቦርሽ ሳይቀር ይሰማት ነበር። የምታውቀውን አስረዳቻቸው፤ ንግግርና ዜማ በጭንቅላት ውስጥ መንገዳቸው ለየቅል ነው፣ የንግግሩ ቢዘጋ የዜማው ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጋሼ መጀመሪያ ያንጎራጉራሉ፣ ከዚያ ይዘፍናሉ፣ ከዘፈኑ ደግሞ ቀስ ብለው ወደ ንግግሩ ይሻገራሉ። ዜማውን የምትሰጣቸው በጊታር ነው። እሷ ራሷ አትዘፍንም። ተማሪ ሳለች አስተማሪዋ ድምፅዋን አንዴ ሰምቶ «ያንቺስ ጣቶችሽ ይዝፈኑ» ብሏት ነበር፤ ምክሩን አክብራ ኖራለች።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሾፌሩ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩዋታል፣ ዞር ብለው ሚስታቸውን ያያሉ፣ እንደገና እሷን ያያሉ። እመት ሊንክ ይህን «ጥልቅ ትኩረት» ብላ መዘገበችው። ከዚያ አንድ ቀን ዓይኗን ጨፍና ስትጫወት ማንጎራጎር ጀመሩ። ከወንበሯ ልትዘል ምንም አልቀራት። እርግጥ የሚያንጎራጉሩት እሷ የምትጫወተውን አልነበረም። «ከዜማዬ ተነሥተው የራሳቸውን ፈጠሩ» ብላ ጻፈች፤ ስትጽፈውም በራሷ ኮራች። ውሎ አድሮ የአንድ የድሮ ዘፈን ግጥም ከነዜማው መጣላቸው፤ ሚስታቸው አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች።

ከዘፈኑ ውጭ ግን ቃል አልመጣም። ጊታሯን አስቀምጣ ብርጭቆውን አንሥታ «ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» ስትላቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይታገላሉ፣ መልሰው ይዘጉታል። ዘፈኑ እዚያው ዘፈን ሆኖ ቀረ።

ጭውውት አዳምጦ ፍሬ ነገሩን የሚያጠቃልል አፕም ነበራት። በየሳምንቱ የሚጽፍላት አንድ ዓይነት ነው፤ «ባለሙያዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ደንበኛው ዘፈነ።» ማዳመጥ ትልቅ ጥበብ መሆኑን ተምራለችና እንደ ምስጋና ወሰደችው። ዌብሳይቷ ላይም «ታካሚዋን ዝም ብላ የምታዳምጥ» የሚል ጨመረችበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም መቼም።

የሾፌሩ መዝፈን በሙያ ጓደኞቿ ዘንድ ተወራ። የሙያ ማኅበራቸው ሰብሳቢም ደወለና በኦንላይን ስብሰባ ላይ ንግግር እንድታደርግ ጋበዛት። ርእሱን ራሷ መረጠችው፤ «ለሙዚቃ ሕክምና አነስተኛ ሥራ የሚጠቅሙ ተወዳጅ የኦንላይን መሣሪያዎቼ።» ሚስትየዋን አስፈቅዳ፣ በቀጠሮዎቹ ከተቀዱት ቪዲዮዎች አንዱን ለማሳያ አዘጋጀች። አስቀድማ አላየችውም። የሚያጠቃልል አፕ ያለው ሰው ምን ሲል ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ያያል?

ዕለቱ ደረሰ። ከወገብ በላይ ኮት፣ ከወገብ በታች ፒጃማ ለብሳ ንግግሯን ጀመረች። የቀጠሮውን አወደሰች፣ የቀለሙን አወደሰች፤ የፓስዎርዱን በዘዴ ዘለለችው። «አሁን ደግሞ ሥራዬን በእግሩ ያቆመልኝ፣ ከሁሉ የምወደው፣ ጸጥታ» አለችና ቪዲዮውን ከፈተችው።

በስክሪኑ ግማሽ እሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን እየነቀነቀች፣ ጣቶቿን በክሮቹ ላይ ታስሮጣለች። ድምፅ የለም። ድምፁን ጨመረችው። አሁን አፑ በሌለበት በሾፌሩ ቤት የተሰቀለው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ። ከጊታሩ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ያቺ ሴትዮ ግን ከንፈሯን ነክሳ፣ በራሷ ጨዋታ ልቧ ተነክቶ፣ ትወዛወዛለች።

በሌላው ግማሽ ሾፌሩ አሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ጥልቅ ትኩረት አልነበረም፤ ኀዘኔታ ነበር። ወደ ሚስታቸው ዞሩና ጆሯቸውን በጣታቸው አሳዩ። ሚስታቸው «ተው፣ ታፍራለች» ብለው ሹክ አሉ። ያን ጊዜ እመት ሊንክ በገዛ ጊታሯ ጩኸት ይህን አልሰማችም ነበር። ሾፌሩ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ መድረክ ላይ ድርሻው የጠፋበትን ልጅ እንደሚያበረታታ ሰው፣ ራሳቸውን ቀስ ብለው እየነቀነቁላት፣ ማንጎራጎር ጀመሩ።

ከተሰብሳቢው አንዱ «ጊታሩስ?» ብሎ ጻፈ። ሌላው የጥያቄ ምልክት ብቻ ደረደረ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይቅርታ እህታችን፣ ይሄ አዲስ ስልት ነው?»

እውነቱን ለመናገር «አዎ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እንዲያውም የስልቱ ስም ጭምር በጭንቅላቷ ውልብ ብሎባት ነበር። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለና የእህቷ ሳቅ ተከተለ።

«አይደለም» አለች እመት ሊንክ። «አፑ ጊታሬንም ጫጫታ ብሎ ጠርጎታል። ይሄን ሁሉ ሳምንት የተጫወትኩት ለራሴ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምድር ግን በቀጠሮ አፕ አትሠራም። ስብሰባው ሲያልቅ እህቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች በሩ ላይ ቆማ «ለካ ለጸጥታ እኔም አንቺም ያው ጫጫታ ነን» አለቻት። እመት ሊንክ ስልኳን አንሥታ ወደ ሾፌሩ ቤት ደወለች።

«እትዬ፣ ጊታሩ ተሰምቷችሁ አያውቅም እኮ። እንዴት አትነግሩኝም?»

«እኔማ መጀመሪያ ደነቆርኩ ብዬ ጆሮዬን ተመረመርኩ» አሉ ሚስትየዋ። «ጆሮሽ ከወጣት ይበልጣል አሉኝ። ከዚያ ይሄ የዘመኑ ሕክምና ይሆናል አልን።»

«ጋሼስ?»

«እሱማ አዝኖልሽ ነው ልጄ። ያቺ ልጅ ከነዕቃዋ ቆማ ቀረች፣ ልርዳት ብሎ ነው የሚዘፍነው። አትቀየሚው።»

ስልኩን ዘጋች። ያከመች መስሏት ስትታከም ከርማለች። ይሁንና አንድ ቃል እንደተጠየቀች አልረሳችም። በትክክለኛው መንገድ ብታክማቸው ኖሮ እስካሁን ይናገሩ ይሆን? ከማፈሯ ይልቅ ይህ አሳሰባት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እህቷን ለምና መኪናውን አስቆመች። ጸጥታን አጠፋች። የሾፌሩን የድሮ ዘፈን ለብቻዋ ስትለማመደው ከርማለችና በሚያምር ሁኔታ ተጫወተችላቸው። ሾፌሩ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ሚስታቸው አጨበጨቡ። ሾፌሩ ወደ ወንበራቸው ተደግፈው፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣጥፈው፣ ማዳመጥ ጀመሩ። ማዳመጥ ብቻ። እንዲዘፍኑ በአገጯ ስትጠቁማቸው «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» በሚል ዓይነት እጃቸውን አወዛወዙላት። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያጓጉዙ የኖሩት ሰውዬ ተሳፋሪ ሆነው ቁጭ አሉ።

ደግማ ተጫወተች። ፈገግ አሉ እንጂ ትንፍሽ አላሉም። የሚስታቸው ፈገግታ እየከሰመ ሲሄድ አየች። የጋሼን አፍ ያስከፈተው የእሷ ሙዚቃ ሳይሆን የእሷ መቸገር ኖሯል። ይህን ማወቋ አመማት፤ ያን ሁሉ ዓመት ጣቶቿን ያደማችው ለዚህ አልነበረም። መጫወቷን ሳታቋርጥ በጣቷ ጸጥታን መልሳ አበራችው። እህቷም ትዕግሥቷ አልቆ መኪናዋን አስነሣች።

ሾፌሩ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ቀና ብለው ተቀመጡና ወደ ታብሌቱ ተጠጉ፤ እስከ ግንባራቸው ድረስ ስክሪኑን ሞሉት። አፋቸው ተከፈተ፣ ታገለ። የወጣው ግን ዜማ አልነበረም።

«ተ... ተበላሸ?»

ሚስታቸው ታብሌቱን እንደያዙ ብድግ ሲሉ ስክሪኑ ላይ ጣሪያው ታየ፣ አምፖሉ ታየ፣ እንደገና ሾፌሩ ታዩ። እመት ሊንክ እንባዋ ጊታሩ ላይ እየተንጠባጠበ «አዎ ጋሼ፣ ተበላሸብኝ» አለች።

ሾፌሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ወሬ በየዳገቱ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ሚስታቸው ዞሩ፣ ወደ እሷም ዞሩ።

«እንግፋው» አሉ።

ወዲያውም ዘፈኑን ጀመሩት። ሚስታቸው እያለቀሱ ተቀበሏቸው። እመት ሊንክ እጇ ክሩ ላይ ቀረ፤ ጸጥታ የሚያሳልፈው የሰው ድምፅ ብቻ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እናም ከዚያ ከአስተማሪዋ ቀን ወዲህ ለማንም ያላሰማችውን ድምፅዋን አወጣችው። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ሲሰሟት ፊታቸውን አጨማደዱ፤ መግፋቱን ግን አላቆሙም።