ለአማት የተጠና ስፓኒሽ

«አይደለም! እንደገና!» አሉ የስፓኒሽ መምህርቷ ሴኞ አራሴሊ ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመቱ። «ሰው ፊት ቆመህ ‹ኬሬር› ብትል ምን ይሉሃል? ‹መፈለግ› ምን ያደርግላቸዋል? እኔ እፈልጋለሁ በል። ኪየሮ!»

«ኪየሮ» አለ ዶክሱ።

«እችላለሁስ?»

«ፖዶ።»

«ፑዌዶ! የግሡ ሆድ ይለወጣል አላልኩህም? ‹እኔ› ስትል መሀሉ ይገለበጣል፣ ‹እኛ› ስትል ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ለምን?»

«ለምን ብሎ ነገር የለም። እናቴም ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ነው የሞተችው።»

ዶክሱ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። በአሥራ አንድ ሰዓት ኢትሳፓ የምትባል መንደር መድረስ አለበት። 

ከኮሪያ ስፓኒሽ ወደሚነገርባት ቺማልቴናንጎ ከተማ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ፣ ኋላም የስፌት መስመሮች ተቆጣጣሪ ሆነ። ስፓኒሽ የለመደው እዚያው የማሽን ጩኸት መሀል ነበር። ፍጠኚ፣ ድገሚው፣ አትተኚ። ከትእዛዝ የተረፈውን ከመዝገበ ቃላት እንዳገኘው ያወጣዋል፤ «እኔ መብላት፣ ነገ መምጣት» ይላል። ሠራተኞቹ ይገባቸዋል፣ ዞር ሲል ደግሞ ይስቁበታል።

ችግሩ የመጣው ዳማሪስን ሊያገባ የፈለገ ጊዜ ነው። አባቷ ዶን ክሪሳንቶ በልጃቸው በኩል ቁርጡን ላኩበት። «ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ከማሽን ጋር ነው የሚያወራው። ልጄን ከፈለገ አስተርጓሚ ሳያመጣ እንደ ሰው ይጠይቀኝ።» ይኸው አራት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ በሴኞ አራሴሊ ግቢ ግሥ ሲያላምጥ ከረመ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። ፋብሪካው ግማሹን ማሽን ወደ ቬትናም ሊያዛውር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ከማሽኑ ጋር እሱንም ሊልኩት አስበዋል። «ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መልስህን ስጠኝ፤ ሰኞ ትበራለህ» ብለውታል። ዶን ክሪሳንቶ እሺ ካሉ እዚሁ ይቀራል፣ ከዳማሪስ ጋር ትንሽ የስፌት መኪና መጠገኛ ይከፍታል። እምቢ ካሉ ለማን ብሎ ይቀራል? 

«ተነስ በቃ» አሉ ሴኞ አራሴሊ ጫማቸውን እየቀየሩ። «እዚህ እናት አባት የለህም፤ ሽማግሌህ እኔ ነኝ። የእነሱን የልጅ ልመና ወግ ግን አላውቅበትም ብያለሁ። እኔ የዋና ከተማ ልጅ ነኝ። ባሌ የጠየቀኝ ሲኒማ ቤት ወረፋ ላይ ነው፤ እኔም ፊልሙ እንዳያመልጠኝ ቶሎ እሺ አልኩት።»

ዳማሪስ ያዘዘችው ሁሉ ተሟልቷል። ቅርጫት ሙሉ ጣፋጭ ዳቦ፣ ቸኮላት፣ የተወለወለ ጫማ። አውቶቡሱ ውስጥ ዶክሱ ቅርጫቱን ታቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይነበንባል። ኪየሮ፣ ፑዌዶ፣ ፒዶ፤ እፈልጋለሁ፣ እችላለሁ፣ እለምናለሁ። አጠገቡ የተቀመጡት አሮጊት የሚጸልይ መስሏቸው «አሜን» አሉት።

ኢትሳፓ ሲደርሱ ዶን ክሪሳንቶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቋቸው። ጥፍራቸው ውስጥ የአተር ማሳቸው አፈር አለ። ከጎናቸው አንዲት ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሻሿን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ሰላምታ ሰጥታ ዶክሱን ትክ ብላ አየችው። ዳማሪስ አትታይም፤ ከኩሽና የሰሃን ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሴትየዋ ቅርጫቱን ተቀብላ ወደ ጓዳ አስገባችው። ዶክሱ ቆመ።

«ዶን ክሪሳንቶ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። እዚህ አገር መኖር እፈልጋለሁ። ሠርቼ ላኖራት እችላለሁ። እንዲሰጡኝ እለምንዎታለሁ።»

አንድም ግሥ አልወደቀም። ሴኞ አራሴሊ ከንፈራቸው አብሮት ሲንቀሳቀስ ቆይቶ በእፎይታ ተከደነ።

«ጥሩ ተናግረዋል» አሉ ዶን ክሪሳንቶ። ባርኔጣቸውን አንድ ጊዜ አዟዟሩት። «ግን አይሆንም። ልጄ ገና ናት። ቶርቲያ እንኳ ክብ አድርጋ አትጋግርም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽባችሁ ሂዱ።»

ገና ናት የተባለችው ዳማሪስ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ አርባ ሰፊዎችን ታዛለች። ዶክሱ ይህን ሊል ፈልጎ ነበር፣ ግን አላጠናውም። እንዳገሩ ወግ ወገቡን አጥፎ እጅ ነስቶ ወጣ።

«ምን ልበልህ ልጄ» አሉ ሴኞ አራሴሊ መንገድ ላይ። «እኔን አቃጠለኝ። ግሡማ አንድ እንከን አልነበረበትም።» አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ብለው ወደ ፌርማታው ቀደም አሉ።

ዶክሱ አጥሩ ሥር ቀረ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይጎድላል። ስልኩን አውጥቶ ለሥራ አስኪያጁ «እሄዳለሁ» ብሎ በኮሪያኛ ጻፈ። ግን አልላከውም፤ ጽፎ አጠፋ፣ አጥፍቶ ጻፈ።

«ሚስተር! ወዴት ነው?»

ያቺ ሻሽ የተከናነበችው ሴት እያለከለከች መጣች። «ዳቦው እኮ እኛው ጋ ነው! አልመለስንልዎትም!»

«ዳቦ?»

«ከልቡ እምቢ ያለ ሰው ዳቦ አያስቀርም። ወንድሜ የመጀመሪያውን እምቢታ ነው ያለው። ልጅ ለመጠየቅ ሦስቴ ነው የሚመጡት። ባንድ ቃል እሺ የሚል አባትማ ልጁ የከበደችው ነው። ይህን የነገረዎት የለም?»

የነገረው የለም። ዳማሪስ የዳቦውን ዓይነት፣ የጫማውን ቀለም ሳይቀር ነግራዋለች፤ ይህን ግን የማያውቅ ሰው አለ ብላ አላሰበችም። ዶክሱ ከደስታው ብዛት ሳቁ አመለጠው። ሴትየዋ አልሳቀችም።

«አላወቁኝም አይደል?» አለችው። «ቶማሳ ነኝ። ሰባተኛው መስመር። የዛሬ ዓመት ማሽን ላይ አንቀላፍቼ አገኙኝና ጠረጴዛዬን በመፍቻ መቱት። ‹አንቺ! አትተኚ! አልጋ መሰለሽ?› አሉኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ የዛሬው እምቢታ ግማሹ ወግ ነው፤ ግማሹ እኔ ነኝ። በወጉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሁለተኛው ሲመለሱ ለወንድሜ ምን እንደምለው እኔም አላውቅም።»

ዶክሱ ፊቷን አየ። ሊያስታውሳት ሞከረ፣ አልቻለም። ያን ቃል ስንቱን ብሎታል! በገዛ ቋንቋው ቢሆን እናቱን የምታህል ሴት ከመቀመጫው ሳይነሳ አያናግርም ነበር። በስፓኒሽ ግን ሌላ አነጋገር መኖሩን ሳይጠይቅ ስድስት ዓመት ጮኸ። አፈረ። እስከ ጆሮው ቀላ።

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እሄዳለሁ ቢል ሰኞ ቬትናም ነው፤ እዚያ ቶማሳ የለችም፣ የሚያውቀው የለም። እዚህ ያለው ሁለት ሳምንት መጠበቅ ብቻ ነው፣ መጨረሻው ያልታወቀ።

«አልሄድም» አለ በኮሪያኛ። ሰውየው ምክንያቱን ሲጠይቁ ዘጋው።

ከዚያ ወደ ቶማሳ ዞረ። የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር አልነበረውም።

«አላስታውስም» አላት። ግሡን አበላሸው፣ እሷ ግን ገባት። «ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው።»

«አውቶቡሱ መጣ እኮ። የመጨረሻው ነው።»

ከፌርማታው ሴኞ አራሴሊ በሁለት እጃቸው ይጠሩታል። ዶክሱ ሂዱ ብሎ በእጁ አመለከታቸው። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ቶማሳ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱ ቆሞ ቀረ።

«ልጄ ስሙ ኤልመር ነው» ብላ ጀመረች።