እግዚአብሔርን «አንቺ» ያለች ሴት

ሽማግሌው ዳበሳ ቡሴን መጥላት የጀመረው እግዚአብሔርን «አንቺ» ያለች ዕለት ነው።

ባምባሲ ጫፍ ላይ ባለችው፣ ግድግዳዋ ቀርከሃ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ክፍሉን የሚመራው እሱ ነበር። የወለጋ ሰው ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ውስጥ እየተሳቀበት ነው የተማረው፤ ዛሬ ግን ሲጸልይ ሰባኪው እንኳ ይቀናበታል። «ሁሉን ቻይ፣ ዘላለማዊ፣ ግርማህ ሰማያትን የከደነ» ብሎ ከጀመረ ምላሱ ሳይደናቀፍ ሩብ ሰዓት ይሄዳል።

ቡሴ የጉሙዝ ሴት ናት። ካማሺ ውስጥ ግጭት ሲነሳ ሸሽታ መጥታ የሰው ማሳ እያረመች ትኖራለች። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው። አንተና አንቺ ይምታታባታል፤ አንቱን ጭራሽ አታውቀውም።

የዚያን እሑድ «የጸሎት ተራ የደረሰው ይምጣ» ሲባል ወጣች። ጫማዋን አውልቃ፣ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ከመሬቱ አገናኘች። እንዲያ ሆና ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ የተሰጣትን ማይክራፎን ይዛ፣ አንድ እጇን ዘረጋች።

«አባት፣ እኔ መጣሁ። አንቺ ትሰሚያለሽ፣ እኔ አውቃለሁ። ልጄ ሆድ ታማለች። አድኚ። እስክታድኚ እዚህ ነኝ።»

መዘምራኑ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ዳበሳ ግን አልሳቀም፤ ማይክራፎኑን ነጠቃት።

«በቃ! የቆምሽው ዙፋን ፊት ነው። እግዚአብሔር የጉሊት ደንበኛሽ መሰለሽ? መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ፣ ከዚያ ትጸልያለሽ!»

ቡሴ «አሜን» እስክትል አልተነሳችም። ከተነሳች በኋላ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እሱን እፈራለሁ። ለዚህ ነው መሬት የወደቅሁ። አንተን አልፈራም።»

ሽማግሌን «አንተ» በማለቷ ከወንበሮቹ መካከል አንዲት ሴት ደረቷን መታች። ዳበሳ በማግስቱ የቡሴን ስም በየእሑዱ በተራ ከሚጸልዩ ምእመናን ዝርዝር ሰረዘው። ልጅቷ በሳምንቱ ስትድን «የጤና ጣቢያው መድኃኒት ነው» አለ። ቡሴ መምጣቷን አልተወችም። በየእሑዱ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እሱ ሲጸልይ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ሰላም አይባባሉም።

ኅዳር ላይ የዳበሳን ሚስት ሜቲን እንቅርት ጉሮሮዋን ተጭኖ ምግብ አላስውጥ አላት። አሶሳ ሆስፒታል ለሐሙስ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተሰጣት። ማክሰኞ ሽማግሌዎች ቤታቸው መጥተው ጸለዩ፤ ዳበሳም ረዥሙን ጸለየ። ሲወጡ ሜቲ፣

«ቡሴን ጥራልኝ» አለችው።

«ማንን? ያቺ ሴት ደጄን አትረግጥም!»

«አንተ ስትጸልይ ለበላይ አካል ሪፖርት የምታቀርብ ነው የሚመስለኝ። እሷ የሚሰማት እንዳለ ታውቃለች። ፈርቻለሁ ዳበሳ። የሚያምር ቃል አልፈልግም። ካልጠራሃት በእግሬ እሄዳለሁ።»

ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ስትራመድ ቀደማት። ቡሴን ማሳ ውስጥ አጎንብሳ አገኛት።

«ሜቲ ትፈልግሻለች» አለ፣ ደህና ዋልሽ ሳይል።

«አንተስ?»

«እኔ አልፈልግሽም።»

«እሺ» አለችና አፈሩን ከእጇ አራግፋ ቀድማው ሄደች።

ደጁ ላይ እጅና እግሯን ታጠበች። አልጋው አጠገብ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፍታ ከቆየች በኋላ ተናገረች።

«አባት፣ ይቺ ሜቲ ናት። አንቺ ሠራሽ እሷን። ቢላ ፈራች። ሐኪሙ እጅ ያዢ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ልለምን መጣሁ፣ አታባርሪኝም።»

«አንተ ነው የሚባለው!» አለ ዳበሳ፣ አላስችለው ብሎ።

ሜቲ ዓይኗን ሳትገልጥ «ውጣ» አለችው። ከገዛ ቤቱ ወጣ። ለቡሴ ያለው ጥላቻ እንደዚያ ቀን በርትቶ አያውቅም።

ሐሙስ አሶሳ፣ ሜቲን ወደ ውስጥ ካስገቧት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ቀረ። «ሁሉን ቻይ፣ ዘላለማዊ» ብሎ ጀመረ። ሦስተኛው ቃል አልመጣለትም። ደጋግሞ ሞከረ። እዚያ አሜን የሚልለት፣ ንግግሩን የሚያደንቅለት ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ለማን ሲናገር እንደኖረ ራሱን ጠየቀና አፈረ፤ ከዚያም ፈራ፤ እውነተኛ ፍርሃት። ከአግዳሚው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ።

«አባ ኮ» አለ በኦሮምኛ፤ አባቴ ማለቱ ነው። ሌላ ቃል አልነበረውም። እሱኑ እየደጋገመ ቆየ። ፈርቶም ቢሆን ሂድ ከፊቴ ያለው የለም። ነርሷ መጥታ «በሰላም ወጥታለች» እስክትለው አልተነሳም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡሴን ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ማንጎው ሥር አገኛት።

«ስምሽን መልሼ ጽፌዋለሁ» አለ ዛፉን እያየ። «የፊታችን እሑድ ተራሽ ነው።»

«የጸለይኩ ለሜቲ ነው። ላንተ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔም የጻፍኩት ስለወደድኩሽ አይደለም።»

ቡሴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እጅ ሳይጨባበጡ፣ እሷ ወደ ማሳው፣ እሱ ወደ ሽማግሌዎች ስብሰባ ሄዱ።