የጥጃዎቹ መኪና

ነርሷ የጤና ጣቢያውን በር በርግዳ ተቀምጣለች፤ የሚገባላት ግን ነፋስ ብቻ ነው። ጣቢያው ሲመረቅ አርብቶ አደሮቹ እዚሁ አጠገቡ ሰፍረው ነበር። ሣሩ ሲያልቅ ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ። ሕንፃ መቼስ እግር የለው፣ አይከተላቸው ነገር! የሕፃናቱ ክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀኑ ሊያልፍበት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው፣ አለች በሆዷ።

ረፋዱ ላይ የከብት ሐኪሙ መኪና አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ጥጃ ልከትብ ነዋ፣ ከብቶቹ ወዳሉበት።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹማ ከከብቶቹ ጋር ናቸው እንጂ የት ይሄዳሉ፣ እህቴ!»

ደሟ ፈላ። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጋ ጣቢያውን ቆለፈችና ከከብት ሐኪሙ ጋር ልትሄድ መሆኑን ለአለቃዋ ደውላ ነገረች።

«ጣቢያውን ዘግተሽ? እንዳታደርጊው!» አሉ አለቃዋ። «እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ መመሪያው ይኸው ነው። ያ መኪና የተመደበው ለጥጃ ነው።»

ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ መኪናው ላይ ወጣችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

«እንግዲያውስ ልጆቹን ጥጃ ብለው ይመዝግቡልኝ!»