የአንገት ወለምታ

መምህሩ መስማት እያቃተው መሆኑን መጀመሪያ ያወቀችው ሚስቱ ናት። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" እንደሚባለው፣ እሱ ራሱ ያወቀው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከናፍጣ ሞተር ጋር ተፋጦ የኖረ ሰው ጆሮው እንደ አሮጌ የሞተር ቺንጊያ ቢላላ አይገርምም። መጀመሪያ ጥለውት የሄዱት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ የበር ደወል፣ የስልክ ጥሪ፣ የልጅ ልጁ ሳቅ። ቀጥሎ ቃላት ይሟሙ ጀመር። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ያያል፣ ጉምጉምታ ይሰማል፣ ትርጉሙ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሦስቴ ጠርታው ዝም ሲላት፣ አንድ ቀን እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ "ነርቩ ነው፤ የሞተር ጩኸት የበላው አይመለስም። ለተረፈው ግን የማዳመጫ መሣሪያ ይደረግለት" አለ።

"አላደርግም" አላት ደጅ እንደወጡ። "ተማሪ እንኳን ጆሮው ላይ ፕላስቲክ የሰካ መምህር አይቶ፣ ያስነጠሰ መምህር ካየም ዓመት ሙሉ የሚያሳልፍበት ቀልድ ያገኛል።"

"ይሳቁ! ሳቃቸውን እንደሆን አትሰማው!"

እሱም ሳቀ። መሣሪያውን ግን አላደረገም። በምትኩ አንድ ዘዴ አበጀ፤ ያልሰማውን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ "አዎ፣ አዎ" ማለት። አብዛኛው የሰው ወሬ ከ"አዎ" ሌላ መልስ ስለማይፈልግ ዘዴው ለረጅም ጊዜ ሠራለት።

ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምረው የእርሻ ምህንድስና መሠረታዊ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ግን መሐንዲሶች አይደሉም፤ የግብርና ንግድ የሚያጠኑ ናቸው። የመጡት ለገበያ፣ ለብድር፣ ለትርፍና ኪሳራ ነው። የእሱን ትምህርት የሚያዩት መንገድ ላይ እንደተጋረጠ ድንጋይ ነው፤ ዘለው ሊያልፉት። "ጋሽ ፒስተን" ብለው ሰይመውታል። ያውቃል፤ ስሙንም አይጠላውም።

"መምህር፣ እኛ እኮ ፓምፕ ልንሸጥ ነው እንጂ ልንፈታ አይደለም" የሚል አንድ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

"የማታውቀውን ከሸጥክ አታላይ ነህ፤ የማታውቀውን ከገዛህ ተታላይ። ምረጥ!" ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ ውሃን ከጉድጓድ አውጥቶ ማሳ ላይ ለማድረስ ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ ማረሻው ጠንካራ አፈር ሲያገኝ ትራክተሩ ለምን እንደሚያቃስት፣ በደንብ ያልደረቀ እህል መጋዘን ውስጥ ለምን እንደሚግልና እንደሚበሰብስ ያስረዳል። "ኪሳራ ከባንክ የሚጀምር እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ ነው የሚጀምረው" እያለ ሰሌዳውን ያንኳኳል። ከክፍሉ ሁለት ሦስቱ ቢገባቸው ይበቃው ነበር።

ወርክሾፑ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ውስጡ ብረት መቀመጫ ላይ የታሰረ አንድ የናፍጣ ሞተርና ሞተሩ ቺንጊያ በሚሉት የጎማ ቀበቶ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ አለ። ሌላ ሞተር የለም። ሞተሩን የሚንከባከበው ቴክኒሻን ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ሁሉም "መፍቻ" ነው የሚሉት። መምህሩን ግን "ጋሼ" ይለዋል። ስንት ዓመት አብረው አንድ ሞተር ላይ ጎንበስ ቀና ብለዋል፤ ከሥጋ ዘመድ በላይ ይቀራረቡ ነበር።

ነገሩ የደረሰው ተማሪዎቹ ሞተር በእጃቸው በሚያስነሱበት ጠዋት ነው። የኮሌጁ ዲን ሌሎቹን የተግባር ሰዓቶች ለሽያጭ ትምህርት ቆርሶ ስለሰጠ የቀረችው ይህች ብቻ ነበረች፤ መምህሩም ሌሊቱን በደንብ አልተኛም። ሲደርስ የአየር መጭመቂያው ኮምፕሬሰር ወርክሾፑን እያናወጠው ነበር። መፍቻ ሁለት እጁ በጥቁር ዘይት እንደተነከረ ከውስጠኛው በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጮኾ ነገረው።

መምህሩ አንገቱን ነቀነቀ። "አዎ፣ አዎ።"

መፍቻም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ።

ተማሪዎቹ ሞተሩን ከበው ቆሙ። መምህሩ ኮምፕሬሰሩን አጠፋና "ሞተር ከማስነሳታችን በፊት?" ብሎ ጠየቀ።

"ዘይት ማየት!" አሉ ባንድ ድምፅ። ይህቺን እንኳ ያውቃሉ።

የክፍሉ ተጠሪ፣ እጇ እንዳይቆሽሽ የምትሳሳ ረጅም ልጅ፣ ወደ ፊት ወጣች። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘች፣ ጠረገችው፣ መልሳ ከተተችው፣ እንደገና አወጣችው። ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ ጎንበስ እንዳለች የሆነ ነገር ተናገረች። መምህሩ ያየው የራስ መሸፈኛዋን ብቻ ነው። ዘንጉን እንዳስተማራት ስለያዘችው ግን ደስ አለው።

"ጎበዝ! በይ አሁን አስነሺው።"

ተማሪዎቹ ተያዩ። ልጅቷ አንዴ ዘንጉን፣ አንዴ እሱን አየች። ከዚያ ዘንጉን ቦታው መለሰችና ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ ተነሳ። የሞተር ድምፅ ለመምህሩ የሚመጣው አሁን አሁን በእግሩ ስር፣ በሲሚንቶው በኩል ነበር። ተነስቷል፤ ይበቃል። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰሌዳ ዞሮ ስለ ፓምፑ ያስረዳ ጀመር። ከኋላው ደረቅ መንኳኳት ተጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ጠንከር ብሎ። ተማሪዎቹ ሁሉ ሰሙት። አንዱ "መምህር!" አለ። መምህሩ በዓይኑ ጥግ የልጁን የተነሳ እጅ አይቶ "ጥያቄ በኋላ" አለውና ጽሑፉን ቀጠለ። ሌላውም ጮኸ። እሱ ስለ ውሃ ግፊት እያብራራ ነበር።

ወለሉ እግሩ ስር ሲንዘፈዘፍ ነው የዞረው። ጭሱ ጣሪያ ደርሷል፤ ተማሪዎቹ ወደ በሩ ይገፋፋሉ። ሊያጠፋው ተወረወረ። ከመድረሱ በፊት ብረት ብረትን ነከሰ፤ ቺንጊያው ተፈናጥሮ ግድግዳውን ገረፈ፤ ሞተሩም ተቆልፎ ቀረ። ማንም አልተጎዳም። መፍቻ የዘይት ጀሪካን ይዞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

በማግስቱ ዲኑ ቢሮ ተጠሩ፤ መምህሩ፣ መፍቻና የንብረት ኃላፊው። ተማሪዎቹ አልተጠሩም፤ ዲኑ "የንግድ ተማሪ ስለ ሞተር ምን ብሎ ይመሰክራል?" ብሎ ነበር። ዲኑ ገና ወጣት ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አያነሳም፤ አፉም ከስክሪኑ ጀርባ ይደበቃል። የግድግዳው አየር ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል። ለመምህሩ ቢሮው ውስጥ ያለው ያ ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

መፍቻ አጭር ነገር ተናገረና ወደ እሱ አየ። የንብረት ኃላፊው አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ዲኑ ቀና ሳይል ጠየቀ፤ ሦስቱም ዞረው መምህሩን ጠበቁት። "ይድገሙልኝ" ቢል መስማት እንዳቃተው ሁሉም ያውቃሉ።

አንገቱን ነቀነቀ። "አዎ፣ አዎ።"

መፍቻ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። መምህሩ ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሎት "ሞተሩ ይጠገናል ማለት ነው" ብሎ እየተጽናና ቤቱ ገባ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወርክሾፑን ተቆልፎ አገኘው። የክፍሉ ተጠሪ በሩ ላይ ቆማለች። ስታየው ሰላም ሳትለው ፊቷን አዞረች፤ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ።

እዚያ፣ ከተቆለፈ በር ፊት፣ ስንት ዓመት የደበቀው ነገር ከአፉ ወጣ። "ልጄ፣ አልሰማሽም። ጆሮዬ አይሰማም። ፊቴ ቁሚና ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።"

ልጅቷ ደነገጠች። መጥታ ፊቱ ቆመች። "ጋሽ መፍቻ ተባረዋል! ዘይቱን አፍስሰው ሳይናገሩ ቀሩ ተብለው ነው። እሳቸው 'ነግሬዋለሁ' ብለዋል። 'አልነገረዎትም፣ አይደል?' ተብለው ሲጠየቁ እርስዎ 'አዎ፣ አዎ' አሉ ይባላል።"

መምህሩ በሩን ተደገፈ።

"እኔም ነግሬዎት ነበር" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ዘንጉን አውጥቼ 'መምህር፣ ደረቅ ነው' አልኩዎት። እርስዎ 'ጎበዝ' አሉኝ። እኛ ምን እናውቃለን? ደረቅ መሆኑ ጥሩ ነው ማለት ነው ብለን አስነሳነው።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የአንገት ወለምታ በምን እንደሚታሽ የነገረን የለም። መምህሩ ደረጃውን እየዘለለ ዲኑ ቢሮ ገባና ሳይቀመጥ "እኔ አልሰማም!" አለ።

ዲኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "ምኑን ነው የማይሰሙት? የኮሌጁን ውሳኔ?"

"ጆሮዬን! ጆሮዬን ነው የምልህ፣ ደንቁሯል! ሰውየው ነግሮኛል፤ ልጅቷም ነግራኛለች፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰውየውን መልሱት።"

ዲኑ ወረቀት ስቦ በትልልቅ ፊደላት ጻፈና ወደ እሱ ገፋው። የመፍቻ የስንብት ደብዳቤ ተፈርሟል፣ ጉዳዩ ለበላይ አካል ተልኳል፣ የሚመለስ ነገር የለም ይላል። ከሥሩም አከለበት፤ መስማት የማይችል ሰው ከማሽን ጋር ተማሪ ፊት ሊቆም አይችልምና ከነገ ጀምሮ ወደ ክፍል እንዳይገባ። መምህሩ ያንን ክፉ አላለውም፤ ልክ ነው። እሱን ያንገበገበው የመጀመሪያው መስመር ነው። እውነቱን ተናግሮ ራሱን ጣለ እንጂ ማንንም አላነሳም።

ወደ መፍቻ ቤት የሄደው ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ደጁ ላይ አነስተኛ የጭነት መኪና ቆሟል። ፍራሽ፣ ድስት፣ ወንበር ተደራርቦበታል። መፍቻ ገመድ ያጠብቃል። ወደ ሚስቱ ወንድም አገር ሊሄዱ ነው፤ እዚያ የሚታረስ ትንሽ መሬት አለ። መምህሩን ሲያይ ገመዱን ለቀቀና መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

"ዲኑ ጋ ሄጄ ነበር" አለ መምህሩ። "ጆሮዬ እንደማይሰማ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ መፍቻ። ቁጣ አልነበረበትም። ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ጮክ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ መምህሩም እያንዳንዷን ቃል ሰማ። "ጋሼ፣ እንደማትሰማ እኮ ድሮ ነው ያወቅሁት። ፊትህ ሳልቆም አውርቼህ አውቃለሁ? ያን ቀን ግን እጄ ዘይት ነበር፣ ቸኮልኩ፣ ከበሩ ጮህኩልህ። ስትነቀንቅልኝ አመንኩህ።"

"ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም? 'ደንቆሮ ነው፣ ደግማችሁ ጠይቁት' ብትል ኖሮ..."

መፍቻ መኪናው ላይ ወዳለው ፍራሽ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ተመለሰ።

"ምስጢርህ ነበራ። እንጀራህ ነው ብዬ። ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ።"

መምህሩ "ይቅር በለኝ" ሊል አፉን ሲከፍት የመፍቻ ሚስት ከውስጥ ብቅ አለች። ቁም ሣጥኑን ብቻዋን እየጎተተች ነበር። ሁለቱ ወንዶች ገብተው ግራና ቀኙን ያዙት፤ "ወደ አንተ አዘንብለው"፣ "ቀስ" እየተባባሉ አውጥተው ጫኑት። ከዚህ ሌላ የተነጋገሩት ነገር የለም። ሴትየዋ አልተሰናበተችውም። መፍቻ ጋቢና ሲገባ እጁን ያነሳ መሰለ፤ በሩን ለመዝጋት ይሁን ለሰላምታ አልታወቀም።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችው። "መሣሪያውን አድርግ ብዬህ ነበር" አላለችውም። ባለችው ይሻለው ነበር።

በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ትምህርቱን ለአንድ ወጣት መምህር ሰጡት፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ በስክሪን ጥሩ ጥሩ ሥዕል ያሳያል። ሞተሩ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ተሸጦ ወርክሾፑ የወንበር መጋዘን ሆነ። ተማሪዎቹ ሁሉም አለፉ። ለመምህሩ ጡረታው እስኪደርስ አንዲት ጠረጴዛ ሰጡት፤ የሚሠራበት ነገር ግን አልሰጡትም። መፍቻ የሄደበት ድረስ ሁለቴ በሰው ላከበት፤ መልስ አልመጣም።

አሁንም በክፍል ሰዓት ይነሳል። ይላጫል፣ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ጫማውን ያስርና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ቁልቁል እያየችው "ወዴት ልትሄድ ነው?" ትለዋለች። ከከንፈሯ ያነበዋል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈታል።